ክሬሸር ወደ ጅማ ከመላካችሁ በፊት

«ጅማ ላይ ክሬሸር (ድንጋይ መፍጫ ማሽን) ተክዬ ጠጠር ልሽጥ» የሚል ስልክ ከአሜሪካም ከአረብ አገርም ይደርሰኛል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ለኮንክሪት፣ ለብሎኬት፣ ለመንገድ ጠጠር ሁሌም ይፈለጋል። የሚገርመኝ ግን ሁሉም የማሽኑን ዋጋ ይጠይቀኛል እንጂ ስለ ድንጋዩ አንድም ሰው አያነሳብኝም።

መጀመሪያ ካባው፣ ድንጋዩ የሚወጣበት ቦታ፣ ይታይ። ናሙና ላቦራቶሪ ሳይገባ ገንዘብ አታውጡ። ባዛልት ከሆነ ጠንካራ ነው፤ መጀመሪያ በጃው፣ ማለትም በሁለት የብረት መንጋጋ መሃል በሚጨፈልቀው ማሽን፣ ተሰብሮ ከዚያ በኮን፣ ሾጣጣ ብረት እየዞረ በሚያደቀው፣ ቢደቅ ይሻላል። ጃው ብቻውን ጠፍጣፋ ጠጠር ያበዛል፣ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ይመልሰዋል። ድንጋዩን እየመታ የሚሰብረው ኢምፓክት ክሬሸር ቅርጹን ያሳምረዋል፤ ግን ባዛልት ላይ የሚመታው ብረት ቶሎ እያለቀ ትርፉን ይበላዋል። ፈቃዱን በተመለከተ፣ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ያላችሁ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት መቆጠር ትችላላችሁና ካርዳችሁን ቀድማችሁ ጨርሱ።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ልብ በሉ። እዚያ መብራቱ 60 ኸርዝ ነው፣ እዚህ 50። ያገለገለ ክሬሸር ከነሞተሩ ብታመጡ ሞተሩ ከስድስት አምስት እጁን ብቻ ይዞራል፤ ወንፊቱም ጠጠር ተሸካሚው ቀበቶም አብረው ፍጥነታቸው ይቀንሳል። በጀነሬተር እሠራለሁ የሚልም ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ መሆኗን አይርሳ። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ገደማ ጉልበት ይቀንሳል፣ የክሬሸር ሞተር ሲነሳ ደግሞ የሚስበው ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ነው። ክረምቱንም ቁጠሩት፤ ጭቃ የያዘ ድንጋይ አፉንም ወንፊቱንም ይደፍናል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ባለቤቱ ባሕር ማዶ፣ የአጎቱ ልጅ ሥራ አስኪያጅ፤ ማታ ማታ ስልክ ይደወላል፤ «ዛሬ ስንት ቢያጆ ወጣ?» ይህች ጥያቄ ሰው ታስጎዳለች። ትልቅ ድንጋይ ጃው አፍ ላይ ይሰነቀራል። ማሽኑ ቆሞ ሲነሳ ጊዜ ይባክናል ተብሎ አንዱ ልጅ ዲጂኖ (ረጅም የብረት ዘንግ) ይዞ እየሠራ ያለ ማሽን አፍ ላይ ይወጣል። ድንጋዩ ድንገት ሲለቀቅ ዲጂኖው ወደ ደረቱ ይፈናጠራል፤ እግሩ ከተንሸራተተ ደግሞ የሚገባው መንጋጋው መሃል ነው። መብራት ማጥፋትም ብቻውን አይበቃም፣ ፍላይዊሉ፣ ከማሽኑ ጎን ያለው ከባድ ጎማ፣ ለጥቂት ጊዜ በራሱ ይዞራል። ስለዚህ ይጠፋል፣ እስኪቆም ይጠበቃል፣ ማብሪያው ላይ ቁልፍ ይንጠለጠላል፤ መክፈቻው አፉ ላይ በሚሠራው ሰው ኪስ ይገባል። ከሁሉ የሚሻለው ግን እንዳይሰነቀር ማድረግ ነው፤ ከአፉ ስፋት ከ80 እስከ 85 በመቶ የሚበልጥ ድንጋይ አይግባ፣ ካባው ላይ ይሰበር።

ሲነሳ ከመጨረሻው ቀበቶ ወደ ኋላ ይነሳል፣ ድንጋይ መጋቢው መጨረሻ። ሲቆም መጋቢው ቀድሞ ይቆማል፣ ውስጡ ያለው ሁሉ ይውጣ። በሆዱ ድንጋይ ይዞ ከቆመ መልሶ አይነሳም፤ ያን ጊዜ ነው በእጅ ማውጣት የሚጀመረው።

ጃው ላይ ቶግል ፕሌት የሚባል አለ፤ የማይሰበር ብረት ሲገባ እንደ ፊውዝ ራሱ ተሰብሮ ማሽኑን ያድናል። መለዋወጫ የለም ብለው በብየዳ በወፍራም ላሜራ ይተኩታል። ያኔ የሚሰበረው ዋናው ሻፍት ነው። ሁለት ትርፍ ከማሽኑ ጋር ጫኑ፣ የማንጋኒዝ የጃው ጥርስም ጨምሩበት።

አቧራው ያሳስበኛል፤ በተለይ ሲሊካ የሚባለው ማዕድን የበዛበት ድንጋይ ሲሆን። ሳንባ ላይ የሚያመጣው ጠባሳ መድኃኒት የለውም። ፎጣ አፍ ላይ ማሰር አይከላከልም፤ ውሃ የሚረጭ መስመር ይዘርጋ፣ ደህና ማስክ ይታደል፣ ጆሮም ይሸፈን። ነጠላና ሻርፕ ቀበቶ አጠገብ አይድረስ።

ማታ ስትደውሉ ከቢያጆው በፊት «ዛሬ ስንት ጊዜ ቆመ? የቁልፉ መክፈቻ ማን ኪስ ነበር?» በሉ። በየሳምንቱ የፍላይዊሉና የቀበቶው መከለያ ፎቶ ይላክላችሁ። መከለያው መሬት ላይ ተቀምጦ ካያችሁት፣ እስኪገጠም ማሽኑ ይቁም፤ ጫኝ ሲኖትራክ ተሰልፎ ቢጠብቅም።