ወረቀቱ ሳያልቅ ለልጅቷ ቀን አታስነግሩ

እህቴ ፖስትሽን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ጅማ ነው የምንኖረው፣ በጉዲፈቻ የምናሳድጋትን ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ልናያት አዲስ አበባ ልንሄድ ነው፣ ምን ይዘን እንሂድ፣ አማቴም አብሬ ካልሄድኩ ብለዋል፣ ነው ያልሽው። እኛም የጅማ ሰዎች ነን፣ ቆጪ ሰፈር፣ የኛም ልጅ የተገኘችው አዲስ አበባ ካለ ማሳደጊያ ነው። ስለዚህ የደረሰብንን ልንገርሽ፣ መመሪያውንማ ማንም ያነብልሻል።

በመጀመሪያ ግን ከላይ አንዱ ወንድም "ውጭ ዘመድ ካላችሁ በነሱ በኩል ጨርሱት፣ ልጅቷም አሜሪካ ትደግ" ብሎ የጻፈውን እርሺው። በ2010 ዓ.ም. ፓርላማው የቤተሰብ ህጉን አሻሽሎ ለውጭ ዜጋ ጉዲፈቻን ዘግቶታል። ፈረንጆች እየመጡ ሆቴል አርፈው፣ ልጅ አይተው፣ ፍርድ ቤት ቆመው ይዘው የሚሄዱበት ጊዜ አልፏል። አሁን እዛ ግቢ ውስጥ ያሉት ልጆች የሚጠብቁት አንቺንና ባልሽን ነው። ማንም ቢሮ ውስጥ አሳንሶ ቢያይሽ ይሄን እያሰብሽ ቀና ብለሽ ግቢ።

እሺ ወደ ጥያቄሽ።

1. ወረቀት። ከጅማ የምታወጪው ሁሉ፣ የጋብቻውም የነዋሪነቱም የገቢውም፣ በአፋን ኦሮሞ ከሆነ እዚሁ ፈቃድ ባለው ትርጉም ቤት አስተርጉመሽ ሂጂ፣ እኛን አማርኛውን ካላመጣችሁ ብለውናል። ያንቺና የባልሽ ስም ከነአያት በመታወቂያው፣ በጋብቻ ሰርተፍኬቱና በደመወዝ ደብዳቤው ላይ ፊደል በፊደል አንድ መሆኑን ቁጭ ብለሽ አመሳክሪ። እያንዳንዱ ደብዳቤ ላይ ክብ ማህተምና ፊርማ አለ ብለሽ እንዳትዘናጊ፣ የፈረመው ሰውዬ ስምና ሀላፊነት ያለበት ቲተር መመታቱን እዪ። ቲተር! ቲተር! ምክንያቱን ልንገርሽ።

የባለቤቴ መስሪያ ቤት የጻፈለት ደብዳቤ ሁሉም ነገር አለው ቲተር ብቻ የለውም። አዲስ አበባ አንድ ቢሮ፣ የቱ እንደሆነ አልጠራም፣ ሰውዬው ደብዳቤውን በሁለት ጣቱ ይዞ መልሶ ወደኛ ገፋው። ስልኩ ደብዳቤው አናት ላይ አለ፣ ደውለህ አጣራ አልነው፣ "የኔ ስራ አይደለም" አለ። ዛሬውኑ ቲተር አስመትተን በስልክ ፎቶ እናስልክ አልነው፣ "ኦሪጅናል ነው የምቀበለው"። ይሄ ሁሉ ይሁን ህግ ነው እንበል። ከዛ ግን ከኋላችን ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ "ለመሆኑ መሀኑ ከሁለታችሁ ማንኛችሁ ናችሁ?" አይልም! ባለቤቴ መልስ አጥቶ መሬት መሬት ያያል። እኔ ግን "ወንድሜ፣ ቅጹ ላይ የተጠየቅኩትን በሙሉ ሞልቻለሁ፣ ይሄ ጥያቄ የቱ ገጽ ላይ እንዳለ አሳየኝና እሱንም እሞላዋለሁ" አልኩት። ከኋላ አንድ እናት "ጎሽ የኔ ልጅ" አሉኝ። ዛሬም በዛ መልሴ እኮራለሁ፣ አንቺም ተመሳሳይ ነገር ከገጠመሽ አንገትሽን እንዳትደፊ። ይሁንና ደብዳቤው ደብዳቤ ነው፣ ለአንድ ቲተር ብለን ወደ 350 ኪሎ ሜትር ተመልሰን ጅማ ገባን።

የትራንስፖርቱም የሆቴሉም ብር ይቅር፣ ብር ይመጣል። ያቃጠለኝ ሌላ ነው። ያን ቀን ሁሉ ነገር ያልቃል ተብሎ ስለነበር ሞግዚቶቹ ደስ ብሏቸው፣ በፍጹም ቅንነት፣ ለልጅቷ "ነገ እማዬና አባዬ መጥተው ቤትሽ ይወስዱሻል" ብለዋታል። ጠዋት ሹሩባዋን ተሰርታ፣ ጫማዋን አድርጋ፣ በሩ አጠገብ ካለው ደረጃ ላይ አልነሳም አለች። ምሳ ሲመጣላትም "እናቴ ቤት ነው የምበላው" ብላ መለሰች። ሞግዚቷ በስልክ ይሄን ስትነግረኝ እኛ ወልቂጤ ደርሰን አውቶብስ ውስጥ ነን፣ ባለቤቴ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ እስከ ግቤ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ወረቀቱን ይዘን ስንመለስ፣ ከዛ በፊት እየሮጠች እጄን የምትይዘው ልጅ ከሞግዚቷ ቀሚስ ኋላ ተደብቃ አላይሽም አለችኝ። ደግሞ እውነቷን ነው፣ አንዴ የተተወ ልጅ እኮ ቲተር ጎደለ ቢሉት አይገባውም፣ ደግመው ተዉኝ ነው የሚለው። ያጣነውን እምነት ለመመለስ ብዙ ለፋን።

ስለዚህ እህቴ ከዚህ ሁሉ ጽሁፍ አንድ ነገር ብቻ ብትይዢ ይሄን ያዢ፣ የፍርድ ቤቱ ውሳኔ እጃችሁ ሳይገባ ለልጅቷ የመሄጃ ቀን እንዳይነገራት። ለሀላፊዋ ብቻ ሳይሆን ለሞግዚቶቹ ለየብቻ፣ የማታ ተረኛዋን ጨምሮ፣ ንገሪያቸው። "ደግመን እንመጣለን" በቂ ነው፣ እሱንም እርግጠኛ ከሆናችሁ ብቻ።

2. አማትሽ። እሳቸውን በክብር ለምነሽ ቤት አስቀሪያቸው፣ ለልጅቷ ቤት ማሰናዳቱን ስጫቸው። የመጀመሪያው ቀን አንቺና ባልሽ ብቻ። ልጅ ሰው ሲበዛባት ማን እናቷ ሊሆን እንደመጣ አታውቅም፣ አክስትም አያትም አንዴ ላቅፍሽ አንዴ ልሳምሽ ሲሏት ትሸሻለች። እናንተም በሄዳችሁበት ቅጽበት አትቀፏት። የኛዋ መጀመሪያ ስናያት መሬት ተቀምጣ የለስላሳ ቆርኪ በመስመር ትደረድራለች፣ ቀይ ከቀይ አረንጓዴ ከአረንጓዴ፣ ቀና ብላም አላየችን። ባለቤቴ ሱሪው ይቆሽሻል ሳይል ራቅ ብሎ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለና የወደቀ ቆርኪ አንስቶ መጨረሻ ላይ አስቀመጠ። አየችው። አነሳችና ቦታው እዚህ ነው በሚል አኳኋን ቀዩ መስመር ውስጥ አስገባችው። ሌላ አስቀመጠ፣ እሱንም አስተካከለች። እንዲህ ሲሉ ሲሉ ቆርኪው አለቀና እጇን ዘርግታ "ሌላ" አለችው። እኔ ዳር ቆሜ እንባዬን እየዋጥኩ ነው፣ ፊቷ እንዳታለቅሺ፣ ልጆቹ ይፈራሉ።

3. ምን እንያዝ ላልሽው። ውድ አሻንጉሊት አትግዢ፣ እዛ ግቢ ሌሎች ልጆችም አይን አላቸው። ሀላፊዎቹን አስፈቅደሽ ለሁሉም የሚበቃ ሙዝ ወይ ብርቱካን ያዢ። ለሷ ደግሞ ትንሽ አልበም፣ የናንተ ፎቶ፣ የቤቱ በር፣ የምትተኛበት አልጋ፣ ድመትም ካላችሁ ድመቷ፣ አማትሽንም እዛ ውስጥ አስገቢያቸው። አልበሙን እዛው ተይላት፣ ሞግዚቷ ማታ ማታ ታሳያታለች።

ሞግዚቷ ስል፣ እሷን እንደ እህት ያዣት። ከማንም ፋይል በላይ የምታውቀው እሷ ናት። በምን እንደምትተኛ፣ ምን እንደሚያስፈራት፣ ምግብ በማንኪያ ነው በእጅ፣ ስትታመም መጀመሪያ ምን እንደሚታይባት፣ ጠይቂያትና ጻፊው፣ ልጅቷ ከወጣች በኋላ ስልክ የሚያነሳልሽ ላታገኚ ትችያለሽ። የክትባት ካርዷን ኮፒ አስደርጊ፣ እንዴት ወደ ማሳደጊያው እንደመጣች የሚገልጸውንም ወረቀት እንደዛው። ይሄን አንዳንድ ሰው "ታሪኳን ደብቁት፣ ስታድግ ይረብሻታል" ይላል፣ እኔ በፍጹም አልስማማም። ህጉ ራሱ ልጅ በጉዲፈቻ ሲሄድ ከወለዱት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና አይቋረጥም ነው የሚለው። ነገ ስትጠይቅሽ ባዶ እጅሽን አትቁሚ።

ፍርድ ቤቱን አትፍሪ፣ እንዲያውም በክብር ያናገሩን እዛ ነው። የኛ ፋይል አዲስ አበባ ስለነበር የታየው በፌዴራሉ የቤተሰብ ህግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። ባልና ሚስት አንድ ላይ ነው የሚያመለክቱት፣ ከሁለታቸው አንዳቸው 25 አመት መሙላት አለባቸው፣ ፍርድ ቤቱ ሲያጸድቀው በሁሉም ነገር ልጃችሁ ናት፣ አሳዳጊ ልጅን ካልበደለ በስተቀርም አይፈርስም። የባለቤቴ ዘመዶች ስለ ውርስ ማጉረምረም ሲጀምሩ ይቺን አንብቤላቸዋለሁ። ውሳኔውን ይዘሽ ደግሞ ወሳኝ ኩነት ሄደሽ ጉዲፈቻውን አስመዝግቢ፣ ዛሬ ነገ አትበይ፣ ትምህርት ቤት ስታስገቢያት ነው የሚፈለገው።

መንገዱ። ከቻላችሁ በአውሮፕላን አምጧት፣ አባ ጅፋር ኤርፖርት ቅርብ ነው። በመኪና ከሆነ መኪና ያልለመደች ልጅ የግቤ ቁልቁለት ላይ ማስመለሷ አይቀርም፣ ፌስታልና ቅያሪ ልብስ እጅሽ ላይ ይሁን፣ ሻንጣ ውስጥ አይደለም። ስትወጡ የምትለብሰውን አሮጌ ሹራብ ለምነሽ ተቀበይ፣ ቤትም ገብታ ቶሎ አትጠቢው፣ የለመደችው ጠረን ያ ብቻ ነው።

ቤት ከገባች በኋላ አንሶላ ስትቀይሪ ትራስ ስር ዳቦ ብታገኚ እንዳትደነግጪ፣ እንዳትቆጪያትም። የኛዋም ትደብቅ ነበር፣ የደረቀ እንጀራ ሁሉ አግኝቻለሁ። አማቴ "ይቺ ልጅ ሌባ ልትሆን ነው" ሲሉ በጣም ነው ያዘንኩት፣ ረሀብ ያየ ልጅ ለነገ እያስቀመጠ ነው አልኳቸው። ማታ ማታ አልጋዋ አጠገብ በክዳን ሳህን ዳቦ ማስቀመጥ ጀመርኩ፣ ያንቺ ነው፣ ጠዋትም አለ እላታለሁ። እያደር ተወችው።

አሁን ምሽት ስለሆነ ነገ ጠዋት መጀመሪያ የባልሽን ደብዳቤ አውጥተሽ ቲተሩን እዪና እዚሁ ጻፊልኝ። ከሌለው እናንተ ጅማ እያላችሁ የአንድ ቀን ስራ ነው። ትርጉም ያሰራንበትን ቤት ከፈለግሽ ኢንቦክስ አድርጊኝ፣ ቦታውን እነግርሻለሁ።