ጥያቄና መልስ፦ 18 ሺህ ዕቃ ኦንላይን ሲወጣ

በሐዋሳ ሁለት ሱቅና አንድ መጋዘን ያላቸው የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ 18 ሺህ ዓይነት ዕቃ ኦንላይን ሊያወጡ ነው። ሾፒፋይ፣ ውኮሜርስና ማጀንቶ የተባሉ የኦንላይን ሱቅ ሶፍትዌሮች ቀርበውላቸው «ይህን ሁሉ ዕቃ የሚችለው የቱ ነው?» ይላሉ።

ሦስቱም ይችላሉ፤ ጥያቄው ማን ይንከባከበዋል ነው። ማጀንቶ ከ2.4 እትም ወዲህ ኦፕን ሰርችን ወይም ኢላስቲክ ሰርችን የመሰለ የፍለጋ ሞተር ከሌለ አይጫንም፤ ቋሚ ባለሙያ ካልቀጠሩ ይተዉት። ሾፒፋይ የሰርቨሩን ጣጣ ይወስድልዎታል። ነገር ግን ወርሃዊ ክፍያው በዶላር ነው፤ የራሱ የክፍያ ሥርዓትም ኢትዮጵያ ውስጥ ስለማይሠራ፣ በሌላ የክፍያ አገልግሎት ከሚመጣው ሽያጭ ላይ ቤሲክ በሚባለው ፓኬጅ 2 በመቶ ይቆርጣል። ትርፉ ስስ ለሆነ ዕቃ ይህ ቀላል አይደለም። ውኮሜርስ ራሱ ነፃ ነው፤ ሆስቲንጉ (የሰርቨር ኪራዩ)፣ ጥገናውና ባክአፑ (መጠባበቂያ ቅጂው) ግን የእርስዎ ነው። አብዛኛውን የዕቃ መግለጫ አንድ ሰንጠረዥ ውስጥ ይከምራል፦ አንዱ ዕቃ 30 መስመር ቢይዝ 18 ሺው 540 ሺህ መስመር ይሆናል። ርካሽ የጋራ ሆስቲንግ ላይ የሚንቀራፈፈው ለዚህ ነው። የራሱ ቪፒኤስ (ለብቻው የተመደበ የሰርቨር ድርሻ)፣ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና ሬዲስ ካሽ (ደጋግሞ የሚፈለገውን መረጃ በቅርብ የሚይዝ ፕሮግራም) ይስጡት።

ዋናው ችግርዎ ግን ሦስት ቦታ የተበተነው ስቶክ (በእጅ ያለው የዕቃ ብዛት) ነው። ሾፒፋይ ስቶክን በየቦታው ለይቶ ይቆጥራል፤ ውኮሜርስ ያለ ፕለጊን (ተቀጥላ ፕሮግራም) ለአንድ ዕቃ አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚያውቀው። ታቦር ክፍለ ከተማ ያለው ሱቅ የመጨረሻውን የፍሬን ሸራ ሸጦ ሳይመዘግብ፣ ሌላ ደንበኛ ያንኑ ዕቃ ኦንላይን ይከፍልበታል። የትኛውንም ይምረጡ፣ ስቶኩን የሚቆጥረው አንድ ፕሮግራም ይሁን፤ በየ5 ደቂቃው ወደ ዌብሳይቱ ያስተላልፍ፤ ቶሎ የሚሸጥ ዕቃ 2 ፍሬ ሲቀረው ኦንላይን «አልቋል» ይበል። ይህ ሳይስተካከል በሶፍትዌር ስም መከራከር ጊዜ ማባከን ነው።

«ቫት ዋጋው ውስጥ ይካተት ወይስ ለብቻው ይታይ?»

ሶፍትዌሮቹ ሁለቱንም ያስችላሉ፤ የሂሳብ ባለሙያዎን ይጠይቁ።

አንዲት የመዋቢያ ዕቃ ነጋዴ «ጸጉር» ብለው ሲፈልጉ ሱቃቸው ባዶ፣ «ፀጉር» ሲሉ ሙሉ ነው። ሲስተሙ ተበላሽቶ ይሆን?

አልተበላሸም፤ አማርኛ አላስተማሩትም። ለኮምፒውተር ጸ እና ፀ እንደ ሀ እና ለ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። እርስዎ በአንዱ ሲመዘግቡ ገዢው በሌላው ከጻፈ፣ ዕቃው መደርደሪያ ላይ እያለ «የለም» ይባላል። ደንበኛው ደውሎ አይጠይቅም፤ ሌላ ሱቅ ይሄዳል።

መፍትሔው ፊደላቱን ማመሳሰል ነው፦ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ በሰባቱም ቤት። ሃ፣ ሓና ኃም ወደ ሀ፣ ዓና ኣም ወደ አ ይግቡ። ሥራው ሁለት ቦታ ነው፤ ዕቃው ሲመዘገብም ደንበኛው ሲፈልግም። በአንዱ ብቻ ከተሠራ ድሮ ይገኝ የነበረውም ይጠፋል። ለደንበኛ የሚታየው ስም አይነካ፤ የተመሳሰለው ጽሑፍ በማይታይ የፍለጋ መስክ ይቀመጥ። አንዳንድ ፕሮግራመር የ፣ ለ፣ በና ከን ከቃል ፊት ቆርጦ ይጥላል። ያኔ «የፀጉር» ይገኛል፣ «ከንፈር» ግን «ንፈር» ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ከተቆረጠው ጋር ያልተቆረጠውም ይያዝ።

ገና ፕላትፎርም ያልገዛችሁ ደግሞ በሙከራው ሱቅ ላይ ሣህንና ሳህን፣ ዕቃና እቃ እያላችሁ ፈትሹ። ውጤቱ ከተለያየ እንዴት እንደሚስተካከል ማሳየት ከማይችል ሻጭ ጋር አትፈራረሙ።

«የዕቃው ሊንክ በቴሌግራም ሲላክ የመቶኛ ምልክት ብቻ ይሆናል።»

አንድ የግዕዝ ፊደል ሊንክ ውስጥ 9 ምልክት ይወስዳል፤ ውኮሜርስ የሚሠራበት ዎርድፕሬስ ለስሙ ከ200 በላይ ስለማይዝ ከ22 ፊደል በኋላ ይቆርጠዋል። በላቲን ፊደልና በዕቃው ኮድ ያድርጉት።

ሌላ አንባቢ፦ ደንበኛ በቴሌብር ከፍሎ፣ ትዕዛዙ ግን ተሰርዞ ይገኛል።

ውኮሜርስ ስቶክ እንዲቆጥር ሲደረግ ያልተከፈለ ትዕዛዝ 60 ደቂቃ ጠብቆ ይሰርዛል፤ ካልቀየሩት ልኩ ይኸው ነው። እንግዲህ ክፍያው ተፈጽሟል፣ ማሳወቂያው ግን ሰርቨርዎ አልደረሰም። የክፍያው ፕለጊን ደንበኛው ወደ ገጹ እስኪመለስ የሚጠብቅ ከሆነ፣ ኔትወርክ የተቋረጠበት ወይም አፑን የዘጋ ሰው አይመለስም። ማሳወቂያው ከክፍያ አገልግሎቱ ሰርቨር በቀጥታ ይምጣ፤ ፋየርዎልዎ (የሰርቨሩ መከላከያ) እንዳያግደው ይፈተሽ፤ ትዕዛዙ ከመሰረዙ በፊትም ሰርቨርዎ ራሱ «ተከፍሏል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ።

«የደንበኞችን የባንክ ካርድ ቁጥር ብናስቀምጥ ሁለተኛ ሲገዙ አይቀልም?»

በፍጹም አይሆንም። ቁጥሩ በእርስዎ ሰርቨር ማለፍም የለበትም፤ ደንበኛው በክፍያ አገልግሎቱ ገጽ ላይ ይሙላ። ስም፣ ስልክና አድራሻም ቢሆን የግል መረጃ ነው፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቶለታል። ሱቁ ከመከፈቱ በፊት ጠበቃ ጋ ይሂዱ። ይህን ለነገ አይበሉት።

«ሰዎች አድራሻ መሙላት ላይ ሲደርሱ ትተው ይወጣሉ።»

የፖስታ ኮዱን መስክ ያጥፉት፤ ሐዋሳ ውስጥ ማን ይሞላዋል? ክፍለ ከተማው ከዝርዝር ይመረጥ፦ ታቦር፣ መናኸሪያ፣ ሐይቅ ዳር፣ ሌሎቹም። ስልክ ግዴታ ይሁን፤ ከሥሩ «በአቅራቢያዎ የሚታወቅ ቦታ» የሚል አንድ መስመር ይጨምሩ። ባጃጁ የሚያደርሰው በእሱ ነው።