ልጁ 21 ዓመት ሊሞላው ነው፤ ከፎስተር ኬር የግድ መውጣት አለበት?

ጥያቄ (ኤፕሪል 2021)፦ የምኖረው አሜሪካ ነው። ከ16 ዓመቱ ጀምሮ በፎስተር ኬር (ወላጆቻቸው ሊያሳድጓቸው ያልቻሉ ልጆች በመንግሥት ኃላፊነት በሌላ ቤተሰብ ዘንድ በሚያድጉበት ሥርዓት) የማሳድገው ልጅ በጁን ወር 21 ዓመት ይሞላዋል። ይሠራበት የነበረው ምግብ ቤት በኮሮና ከተዘጋ ወዲህ ሥራ የለውም፤ ኮሌጁንም አቋርጧል። ኬዝ ወርከሩ (ጉዳዩን የሚከታተለው ሠራተኛ) «ከልደቱ በኋላ ፋይሉ ይዘጋል» ብሎ የሚፈርምበት ወረቀት ልኮለታል። ልጁ ከአሁኑ ልብሱን በካርቶን አድርጎ በር ሥር አስቀምጦታል። ምን ላድርግ?

መልስ (ኤፕሪል 2021፤ «እስከ ሴፕቴምበር 30, 2021» የተባሉት ጊዜያዊ ደንቦች ዛሬ አብቅተዋል)፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ካርቶኑን ይፍታው። ወረቀቱንም እንዳይፈርም።

ዲሴምበር 27, 2020 የተፈረመው የፌዴራል በጀት ሕግ ለፎስተር ኬር ወጣቶች የተለየ ክፍል አለው። በዚህ ክፍል መሠረት እስከ ሴፕቴምበር 30, 2021 ድረስ የትኛውም ስቴት አንድን ወጣት ዕድሜው ስለሞላ ብቻ ከፎስተር ኬር ሊያስወጣው አይችልም። ሥራ አጣህ፣ ትምህርት አቋረጥህ ተብሎም አይባረርም። በደህናው ጊዜ ከ18 ዓመት በላይ የሆነ ወጣት ለመቆየት መማር ወይም በወር ቢያንስ 80 ሰዓት መሥራት፣ አለዚያም ከመሰል መስፈርቶች አንዱን ማሟላት ነበረበት፤ ይህ ለጊዜው ተነሥቷል።

ኬዝ ወርከሩ ክፉ አስቦ ነው አልልም። ሕጉ አዲስ ነው፤ የላከው ቅጽ የድሮው ሳይሆን አይቀርም። ግን በቢሮ ስህተት አንድ ልጅ ጎዳና ላይ ማደር የለበትም።

መብቱ የእርስዎ ሳይሆን የእሱ መሆኑን ይወቁ። አዋቂ ስለሆነ ስለ እሱ መፈረም አይችሉም፤ መቆየት እንደሚፈልግ ራሱ መጠየቅ አለበት። በስልክ አይሁን፣ በጽሑፍ ይሁን። ሁለት መስመር ይበቃል፦ «ከ21ኛ ዓመት ልደቴ በኋላም በፎስተር ኬር መቆየት እፈልጋለሁ። እስከ ሴፕቴምበር 30, 2021 በዕድሜ ምክንያት እንዳልወጣ የሚያዘው የፌዴራል ሕግ እንዲከበርልኝ እጠይቃለሁ።» ይህን ለኬዝ ወርከሩ፣ ለኬዝ ወርከሩ አለቃና ፍርድ ቤት ላቆመለት ጠበቃ ይላክ፤ ቅጂውን እናንተ ያዙ። መልስ ከዘገየ ጠበቃው ከልደቱ በፊት ዳኛ ፊት እንዲያቀርበው ይጠይቅ። የተዘጋ ፋይል ማስከፈት ያደክማል። ደግነቱ ሕጉ በወረርሽኙ ወቅት በዕድሜያቸው ምክንያት የወጡትንም ከፈለጉ እንዲመለሱ ይፈቅድላቸዋል፤ እንዲህ ወጥቶ በየጓደኛው ሶፋ ላይ የሚያድር ልጅ የሚያውቁ ከሆነ እባክዎ ይንገሩት።

ገንዘብም አለ። ይኸው ሕግ ቼፊ ለሚባለው የፎስተር ወጣቶች ድጋፍ ፕሮግራም 400 ሚሊዮን ዶላር ጨምሯል፤ እስከ ሴፕቴምበር 30, 2021 ድረስ 27 ዓመት ያልሞላቸው ሁሉ መጠየቅ ይችላሉ። ለቤት ኪራይ ይሆናል፤ ለመንጃ ፈቃድና ለመኪና ኢንሹራንስ በዓመት እስከ 4,000 ዶላር ሊሰጥ ይችላል። ኮሌጅ ከተመለሰ የትምህርት ድጋፉ የዓመት ጣሪያ እስከ ሴፕቴምበር 30, 2022 ድረስ ከ5,000 ወደ 12,000 ዶላር ከፍ ብሏል።

ከሴፕቴምበር 30 በኋላ ያለው ከአሁኑ ይታሰብበት። ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 24 ለሆኑ የፎስተር ወጣቶች የተመደበ የቤት ኪራይ ቫውቸር (መንግሥት ኪራዩን የሚያግዝበት ድጋፍ) አለ፤ እስከ 36 ወር ያገለግላል። ቤት የማጣት አደጋ ያለበት ወጣት ሊወጣ 90 ቀን ሲቀረው ማመልከት ይችላል፤ ስለዚህ በጁላይ መጀመሪያ ላይ ይጠይቁ። ወደ ቤቶች ቢሮው የሚመራው የፎስተር ኬር ኤጀንሲው ነው። 18 ዓመት ሲሞላው በፎስተር ኬር ሆኖ ሜዲኬይድ (የመንግሥት የጤና መድን) ከነበረው እስከ 26 ዓመቱ ይቀጥላል፤ ገቢው አይታይም። ሲወጣም የልደት የምስክር ወረቀቱን፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱን፣ መታወቂያውን፣ የሕክምና መዝገቡንና በፎስተር ኬር እንደነበረ የሚያሳይ ደብዳቤ ሊሰጡት ግዴታ አለባቸው።

አንድ ያልነገሩኝ ነገር አለ፦ ልጁ የት ተወለደ? ከአሜሪካ ውጭ ከሆነና ግሪን ካርድ ከሌለው ይህ ሕግ የኢሚግሬሽንን ሰዓት አላቆመም። ወላጆቻቸው ለበደሏቸው ወይም ለጣሏቸው ልጆች የተዘጋጀው ልዩ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻ 21 ዓመት ሳይሞላው መግባት አለበት፤ ከዚያ በፊት ደግሞ የስቴት ፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልገዋል። እንደዚያ ከሆነ ሰኞን እንኳ ሳይጠብቁ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያነጋግሩ።