መንገዳችን ላይ ስንት ሰው ይኖራል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ነው። የሰፈራችን ኮሚቴ ጸሐፊ አድርጎኛል። ለመንገዳችን ኮብልስቶንና የውኃ መስመር ልንጠይቅ ደብዳቤ እያዘጋጀን ሳለ «የነዋሪውን ብዛት አያይዙ» ተባልን። እኔ የግቢ በሮቹን ቆጠርኩ፣ 46 ናቸው። አንዱ ጎረቤታችን «በአራት አባዢውና ጻፊ» ይለኛል። ሌላው ደግሞ ከሕዝብ ቆጠራው ላይ ይገኛል ባይ ነው። የማንን ልስማ?

መልስ፦ እህቴ፣ የሁለቱንም አትስሚ። ግን ሁለቱም ከባዶ ተነስተው አልተናገሩምና ለምን እንደማያዋጣሽ ልንገርሽ።

ከሕዝብ ቆጠራው ልጀምር። የመጨረሻው የተደረገው በግንቦት 1999 ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 ላይ በየ10 ዓመቱ ይካሄድ ቢልም፣ አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። በ1999 የባሕር ዳር ከተማ ሕዝብ 155,428 ነበር፤ በ1987 ሲቆጠር 96,140። 13 ዓመት እንኳ ሳይሞላ በነበረው ላይ ከግማሽ በላይ ተጨምሮበታል። እንዲህ እያደገች ያለች ከተማ ውስጥ የ1999ን ቁጥር ይዘሽ ስለ አንድ መንገድ ምን ትያለሽ? ያኔ መንገዱ ራሱ ነበር ወይ? የሰፈሩን ነባር ሰው ጠይቂ፣ ምን ይዘራበት እንደነበር ይነግሩሻል።

የስታትስቲክስ አገልግሎቱ የሚያወጣው ትንበያ አለ፤ እሱም መነሻው ያው የ1999 ቆጠራ ነው፣ የሚሰጥሽም የከተማ ወይም የወረዳ ድምር እንጂ የአንድ መንገድ አይደለም።

አሁን ወደ «በአራት አባዢው» እንምጣ። በ2008 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የከተማ ቤተሰብ አማካይ 3.5 ሰው ነው ይላል፣ የገጠሩ 4.9። ስለዚህ ጎረቤትሽ ያላት አራት ብዙም አልራቀችም። ችግሩ የሚባዛው ነገር ላይ ነው፤ ያ አማካይ የቤተሰብ ነው፣ አንቺ የቆጠርሽው ግን በር ነው።

እስቲ አንዱን በር ገፋ አድርገሽ ግቢ። ከፊት ባለቤቶቹ አሉ። ከኋላ በተርታ አራት ሰርቪስ ክፍሎች፣ በየደጃፉ አንድ የከሰል ምድጃ፣ አንድ ቢጫ ጀሪካን። አንደኛዋ ክፍል ውስጥ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተከራይተዋል፣ ከነሱ ቀጥሎ ባልና ሚስት ከነሕፃናቸው፣ ከዚያ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ፣ የመጨረሻዋ ክፍል ደግሞ ተቆልፋለች፣ ማታ ግን መብራት ይበራባታል። በበር ከቆጠርሽ ይሄ ሁሉ አንድ ነው። ውኃ የሚጠባበቁት ግን አምስቱም ቤተሰቦች ናቸው፤ ደብዳቤያችሁ ላይ እነዚያ ተከራዮች ካልተጻፉ የሚመጣው መስመር ለባለቤቶቹ ብቻ ታስቦ ነው የሚመጣው። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

በቆጠራ ሥራ አንድ ቤተሰብ የሚባለው አብሮ የሚኖርና ከአንድ ድስት የሚበላ ነው፣ ዘመድ ይሁን አይሁን። ብቻውን የሚኖርና ለራሱ የሚያበስልም አንድ ቤተሰብ ነው። ስለዚህ በሩን ተዪውና ድስቱን ቁጠሪ።

የዕድሩን መዝገብና የቀበሌውን የቤተሰብ ቅጽ ለማመሳከሪያ ያዢ እንጂ ከዚያ ገልብጠሽ አትጻፊ። ዕድር ውስጥ ተከራይ አብዛኛውን ጊዜ የለም። ቅጹ ላይ ደግሞ ድሮ ሰፈር የለቀቀ ሰው ስሙ ሳይሰረዝ ይቀራል። መብራት ቆጣሪም አይረዳሽም፣ አንዱን ቆጣሪ አምስት ክፍል ሊጠቀምበት ይችላል።

እንግዲህ ራሳችሁ ቁጠሩት። 46 በር ለሁለት ጥንድ ሰው የአንድ እሑድ ሥራ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ብትወጡ ደግሞ ሰው ከቤት ይገኛል። ክረምት ላይ ግን አትሞክሩት፣ ተማሪዎቹ ወደየአገራቸው ይሄዳሉ፤ የጥምቀት ሰሞንም በእንግዳ ይበዛባችኋል። እዚህ ስድስት ወር የኖረን፣ ወይም ያን ያህል ለመኖር ያሰበን ሰው ጻፉ፣ ለክርስትና የመጣችን አክስት አትጻፉ።

ጥያቄው አጭር ይሁን። በዚህ ቤት ስንት ሰው ይኖራል? ከሰባት ዓመት በታች ስንት ልጅ አለ? ከስልሳ በላይስ? የራሳችሁ ቧንቧ አላችሁ ወይስ ከጎረቤት ነው የምትቀዱት? ይሄ ይበቃል። ስም አትጻፉ፣ ስልክ አትጻፉ፣ የኪራዩን ዋጋማ ጭራሽ እንዳታነሱት። ባለቤቶቹ «የኪራይ ግብር ሊጥሉብን ነው» ብለው ከፈሩ ከአራት ክፍል አንድ ነው ያለን ይሉሻል፣ ከዚያ በኋላ ልፋታችሁ ሁሉ ከንቱ ነው። መጀመሪያ የኮሚቴው ሊቀመንበር የራሱን ግቢ ከነተከራዮቹ ያስቆጥር፣ ሌላው ያን አይቶ ይከፍትላችኋል።

ደብዳቤው ላይ የቆጠራችሁበትን ቀን፣ የበሩን፣ የቤተሰቡንና የሰውን ብዛት ለየብቻ አስቀምጪ። ያገኛችሁት 583 ከሆነ 583 ብለሽ ጻፊ፣ «ወደ 700» እንዳትይ፤ አንድ ባለሙያ መጥቶ ሁለት ግቢ ቢያይ የጨመራችሁት ይታወቃል፣ ያኔ እውነተኛውም ቁጥር አይታመንም። ለኮብልስቶኑ ደግሞ የመንገዱን ርዝመትና ስፋት በሜትር ለክታችሁ ጨምሩበት።

ያቺን የተቆለፈች ክፍልም በግምት አትሙያት። ማታ መብራት ሲበራ ተመለሺና አንኳኪ።