መልስ፦ ጨነቅ ላይ ያየሃት ትንሽ ወፍ

ሰላም ወንድሜ። ሰሜን ተራሮች ውስጥ ባለው ጨነቅ ካምፕ፣ ውርጩ ሳይቀልጥ እግርህ ሥር ድረስ የመጣችው ቡናማ ወፍ ምን እንደሆነችና ብርዱን እንዴት እንደምትችለው ጠይቀሃል። እንደገለጽካት ከሆነ ሙርላንድ ቻት ናት። እኔ የጎንደር ልጅ ነኝ፤ ሰሜን ተራሮች በወጣሁ ቁጥር መጀመሪያ በዓይኔ የምፈልገው እሷን ነው።

ጅራቷን አስተውለኸዋል? አጭር ነው፤ ስትበር ዳር ዳሩ ነጭ ይታያል። ጅብራ ጫፍ ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ከዚያ ዱብ ብላ ከጓሳው ሥር ነፍሳት ትለቅማለች። ሰው ብዙም አትፈራም።

ብርዱን የምትችለው በላባዋ ነው። ማለዳ ድቡልቡል ብላ ያየሃት ወፍራ አይደለም። ላባዋን ስትነፋው መሃሉ ላይ አየር ይያዛል፤ ያ አየር የገላዋን ሙቀት ቶሎ አያስወጣውም። እኛ ጋቢ ደርበን ኩርምት እንደምንለው ማለት ነው። ትንሽ ገላ ደግሞ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ስትለቅም ትውላለች።

ቢጫ ሆና ራሷ ጥቁር ከነበረ ግን ሌላ ወፍ ናት፣ የኢትዮጵያ ሲስኪን የሚሏት፤ ጥቁር ራስ ያለው ወንዱ ነው።

ደግመህ ስትሄድ አደራ፣ ዳቦ አትፈርፍርላት። የራሷን ምግብ ታውቃለች።