የደም ምርመራ ስለ ዝለት ምን ሊነግረን ይችላል?

ጠያቂያችን ከብዙ ወራት የሥራ ጫና በኋላ የመጣባቸው ዝለት በእረፍት እንዳልለቀቃቸው፣ የተለመደው የደም ምርመራ ግን «ጤናማ» እንዳላቸው ጽፈው፣ በርካታ ሜታቦላይቶችን የሚለካ ምርመራ ቢያደርጉ ሕመማቸው ይገለጥ እንደሆነ ጠይቀዋል። በሕክምና ላብራቶሪ ለዓመታት የሠራሁ፣ በኋላም ራሴ በዚሁ ዝለት ያለፍሁ በመሆኔ ከሁለቱም ወገን ያየሁትን እጽፍልዎታለሁ።

ጥያቄዎ መሠረት አለው። ሜታቦላይት የምንለው ሰውነት ምግብን ወደ ኃይል ሲለውጥ፣ ሲገነባና ሲያፈርስ የሚገኙትን ጥቃቅን ውህዶች ነው። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ትሪፕቶፋን ከምግብ ብቻ የምናገኘው አሚኖ አሲድ ሲሆን፣ ጥቂቱ ሴሮቶኒን ወደሚባለው የነርቭ መልእክት አስተላላፊ ይለወጣል፣ አብዛኛው ግን ካይኑሬኒን ወደሚባል ውህድ ይፈርሳል፤ ይህን የማፍረስ ሥራ በጉበት ውስጥ የጭንቀት ሆርሞን የሚባለው ኮርቲዞል፣ በሌሎች ሕዋሳት ውስጥ ደግሞ ብግነት (ሰውነት ለጉዳት ወይም ለተዋሲያን የሚሰጠው ምላሽ) ያፋጥኑታል። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ የቆየ ጭንቀት በደም ውስጥ ምልክት ሊተው ይችላል ብሎ መመርመር ተገቢ ነው።

ይሁን እንጂ በዛሉና በጤነኛ ሰዎች ቡድኖች አማካይ መካከል የታየ ልዩነት የአንድን ሰው ሕመም ለመለየት አይበቃም፤ የሁለቱ ቡድኖች ልኬቶች በአብዛኛው ይደራረባሉና። መቶ ውህዶች በ5 በመቶ የስህተት ወሰን ሲነጻጸሩም ምንም እውነተኛ ልዩነት ባይኖር እንኳ አምስት ያህሉ በአጋጣሚ «ልዩ» ሆነው ይታያሉ። እኔን ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ግን የናሙናው አያያዝ ነበር። የደም ሴሎች ከተቀዱም በኋላ ስኳር መብላታቸውን ስለማያቆሙ፣ ሴሎቹ ከፈሳሹ ሳይለዩ በክፍል ሙቀት የተቀመጠ ደም በየሰዓቱ ከስኳሩ ከ5 እስከ 7 በመቶ ያህል ያጣል። ኮርቲዞልም ከእንቅልፍ ከተነሣን ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ባለው ጊዜ ጣሪያ ነክቶ ቀስ በቀስ ስለሚወርድ ደሙ የተቀዳበት ሰዓት ውጤቱን ይለውጠዋል። የዛለ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ እንቅልፉ የተዛባ፣ እንቅስቃሴው የቀነሰ፣ ምናልባትም መድኃኒት የሚወስድ ነው፤ እነዚህ ሁሉ ደሙን ይለውጣሉ።

የእኔም ውጤት ጤናማ ሲባል የዋሸሁ ያህል አፍሬ ነበር። ያ ኀፍረት ያለ ቦታው ነበር፤ ምርመራው የተደረገው ሌሎች በሽታዎችን ለማግለል እንጂ ዝለቴን ለመመስከር አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ከረጅም ጭንቀት የሚመጣውን ይህን የዝለት ሕመም ራሱን የቻለ በሽታ አድርጋ በምትመዘግበው በስዊድንም መስፈርቱ በምልክቶቹና ቢያንስ ስድስት ወር በዘለቀ ጭንቀት ላይ ይመሠረታል እንጂ በደም ልኬት ላይ አይደለም።

ስለዚህ ገንዘብዎን ለሜታቦላይት ምርመራ ከማውጣትዎ በፊት፣ የታይሮይድ ሆርሞን፣ ቫይታሚን ቢ12 እና የብረት ክምችትን የሚያሳየው ፌሪቲን መለካታቸውን ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ሳይወርድ የብረት ክምችት ብቻ ሊያልቅ ስለሚችል ፌሪቲን በስሙ መጠየቅ አለበት። ለጥናት ናሙና እንዲሰጡ ከተጋበዙ ግን በደስታ ይስጡ፤ የነቁበትን ሰዓት፣ የመጨረሻውን ምግብና ቡና፣ የሚወስዱትንም መድኃኒት ጽፈው ከናሙናው ጋር ያስረክቡ።