ይሉኝታችሁን ጀልባው ላይ ትታችሁ ውረዱ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አነበብኩት። ዱባይ ያላችሁ ሦስት ጓደኛሞች ናችሁ፣ ሦስታችሁም አድቫንስድ (ሁለተኛውን የዳይቪንግ ኮርስ) ጨርሳችኋል፣ አሁን የቴክኒካል ዳይቪንግ፣ ማለትም ከተራው የመዝናኛ ዳይቭ የጠለቀና የረዘመው፣ መግቢያ ኮርስ ልትወስዱ ነው። አብሮ መውሰዱ ይሻላል ወይስ ከማናውቀው ሰው ጋር? ባለ ሁለት ሲሊንደሩን ዕቃ አስቀድመን እንግዛ? ኮርሱ እንዳለቀ ለገና አዲስ አበባ እንበራለን፣ ችግር አለው? ነው ያልሽው። እኔም ፉጃይራ ላይ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ወስጄዋለሁ። ይረዝማል፣ ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

መጀመሪያ የትኛው ኮርስ እንደሆነ ለዩ። ሁሉንም "መግቢያ" ይሏቸዋል፣ የሚፈቅዱት ነገር ግን ይለያያል። ቲዲአይ፣ ጂዩኢና ፓዲ ዳይቪንግ የሚያሠለጥኑ ድርጅቶች ናቸው። የቲዲአይ ኢንትሮ ቱ ቴክ እና የጂዩኢ ፈንዳሜንታልስ ዲኮምፕሬሽን (ሰውነት የጠጣውን ናይትሮጅን እስኪያስወጣ ወደ ላይ ስትወጡ መንገድ ላይ የግድ መቆየት) ውስጥ እንድትገቡ አይፈቅዱም። የሚያስተምሩት ውሃ ውስጥ በአግድም ተዘርግቶ ሳይንቀሳቀሱ መንሳፈፍን፣ የእግር ምትን፣ የጋዝ ስሌትንና በቡድን መሥራትን ነው። የፓዲ ቴክ 40 ግን እስከ 40 ሜትር ወርዳችሁ እስከ 10 ደቂቃ የዲኮምፕሬሽን ቆይታ እንድታደርጉ ይፈቅዳል፤ ለመግባትም ቢያንስ 30 የተመዘገበ ዳይቭ ይጠይቃል። እኔን ካልሽኝ ከፊተኞቹ ከአንዱ ጀምሩ። እንዲህ መንሳፈፍ ሳይችሉ የዲኮምፕሬሽን ቆይታ ማድረግ የሚባል ነገር የለም።

አሁን ወደ ዋናው። አብራችሁ ውሰዱት፣ ግን ፊት ለፊት መነጋገር የምትችሉ ከሆነ ብቻ። እኛ ሐበሾች ይሉኝታ እንወዳለን። ገበታ ላይ ያምራል፣ 25 ሜትር ላይ ግን አደጋ ነው።

ከጓደኞቼ አንዱ ግዙፍ ነው፣ አየር ቶሎ ይጨርሳል። ሁልጊዜ ቀድሞ የሚያስወጣን እሱ ስለሆነ ያፍራል። አንድ ዳይቭ ላይ ኢንስትራክተሩ ስንት ቀረህ ብሎ ሲጠይቀው ያሳየው ቁጥር ወደ ላይ እንመለስበታለን ብለን ከተስማማነው በታች ነበር። ጌጁን፣ የቀረውን አየር የሚያሳየውን መለኪያ፣ አይቶታል፣ ያውቃል፣ ዝም ብሏል። ጀልባው ላይ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ደስ ብሏችሁ ስታዩ ነበር፣ ላቋርጣችሁ አልፈለግኩም።" ኢንስትራክተሩ አልተቆጣም። እርሳስና ወረቀት አውጥቶ እንድናሰላ አደረገን።

ስሌቱን እዚህ ልጻፈው፣ ምክንያቱም የኮርሱ ግማሽ እሱ ነው። 30 ሜትር ላይ ናችሁ፣ የአንዱ አየር አለቀ፣ ሁለት ሰው ከአንድ ሲሊንደር እየተነፈሰ መውጣት አለበት። እያንዳንዱ በደቂቃ 20 ሊትር ይተነፍሳል እንበል። 30 ሜትር ላይ ግፊቱ 4 ባር ነው፣ ማለትም ከውሃ በላይ ካለው አራት እጥፍ አየር ይሄዳል፣ ስለዚህ ነገሩን ለማረጋጋት አንድ ደቂቃ ብትቆዩ ለሁለት ሰው 160 ሊትር ይሄዳል። መውጫው 4 ደቂቃ ቢፈጅ፣ በአማካይ 2.5 ባር፣ 400 ሊትር። 5 ሜትር ላይ፣ በ1.5 ባር፣ የ3 ደቂቃ ቆይታ 180 ሊትር። ድምሩ 740 ሊትር። ለ12 ሊትር ሲሊንደር ስታካፍዪው 62 ባር ገደማ ይመጣል። ልብ በይ፣ 62 ላይ ከታች መነሳት ግዴታ ነው ማለት ነው። ኦፕን ዋተር፣ የመጀመሪያውን ኮርስ፣ ስንማር የተነገረን "50 ባር ይዛችሁ ውጡ" ለሁለት የደነገጠ ሰው አይበቃም፤ የደነገጠ ሰው ደግሞ በደቂቃ 20 ሊትር ብቻ አይተነፍስም።

ወረቀቱን ካየን በኋላ ጓደኛችን ራሱ ነው የተናገረው። "እንዴ፣ ለካ የቀረው አየር የእኔ ብቻ አይደለም!" አዎ፣ የእኔም ነው። እሱ አፍሮ የደበቀው ቁጥር የእኔ መውጫ ነበር። ከዚያ በኋላ ከሦስታችን ቀድሞ ጌጁን የሚያሳየው እሱ ሆነ፣ አሁንማ ያሰለቸናል።

ውሃ ውስጥ አውራ ጣት ወደ ላይ ማለት "እንውጣ" ነው፤ አንዴ ከተደረገ ዳይቩ አልቋል። ማንም፣ በማንኛውም ሰዓት፣ በማንኛውም ምክንያት ሊያደርገው ይችላል። ለምን አይባልም፣ ጀልባው ላይም አይኮረፍም። ይህን ሦስታችሁ ሻይ ላይ ተቀምጣችሁ ተነጋገሩበት። አንዷ "ተርፎኝ ነበር እኮ፣ ባንቺ ምክንያት ወጣን" የምትል ከሆነች አብራችሁ ባትገቡ ይሻላል።

ሌላው የጓደኛ ጣጣ መረዳዳት ነው። ዳር ላይ አንዱ የሌላውን ማሰሪያ ያስተካክላል፣ ቫልቩን ይከፍትለታል፣ ማስኩን ያጥብለታል። ከኛ ጋር የነበሩ ባልና ሚስት ነበሩ፣ ዕቃውን ሁሉ እሱ ነው የሚገጥመው። የቫልቭ ልምምድ ሲደርስ እሷ የትኛው ቫልቭ የትኛውን ሬጉሌተር (አፍ ውስጥ ገብቶ የሚተነፈስበትን ዕቃ) እንደሚመግብ ማስታወስ አቃታት። ሞኝ ሆና አይደለም፣ አንድም ቀን በእጇ ገጥማው ስለማታውቅ ነው። እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን ግጠሙ። ጓደኛ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ለማጣራት ነው።

የጓደኝነት ጥቅሙ ደግሞ ማታ ቪዲዮው ሲከፈት ይታያል። ኢንስትራክተሩ ውሃ ውስጥ ይቀርጻችኋል። አንቺ እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋሽ ይመስልሻል፣ ቪዲዮው ላይ ግን ታክሲ እንደሚጠብቅ ሰው ቆመሻል። ከማታውቂው ሰው ጋር ብትሆኚ ሁሉም በትህትና ዝም ይላል። ጓደኛ ግን ይስቅብሻል፣ ጉልበትሽ የት ጋ እንደወደቀም በደንብ ያሳይሻል፣ በማግስቱም ውሃ ውስጥ በእጁ ምልክት ያስታውስሻል። እኛን ያስተካከለን ይሄ ነው።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ ተስማሙ። ውጤቱ የየራስ ነው። በፈንዳሜንታልስ አንዱ የቴክኒካል ደረጃ፣ ሌላው የሪክሪየሽናል ደረጃ ሊያገኝ ይችላል፤ ሌላው ደግሞ ተለማምደህ ተመለስ ሊባል ይችላል። ሦስታችሁም እኩል ካላለፍን ብላችሁ ኢንስትራክተሩን አትለምኑ።

ስለ ዕቃ፦ ባለ ሁለት ሲሊንደሩን አሁን አትግዙ። ተከራዩ። ከባድ ነው፣ ውድ ነው፣ ከኮርሱ በኋላ ሐሳባችሁን ልትቀይሩ ትችላላችሁ። ሰውነታችሁ ላይ የሚለካውን ግን ግዙ፦ ፊታችሁ ላይ በደንብ የሚቀመጥ ማስክ፣ መጠባበቂያ ማስክ፣ ጠንከር ያለ ፊን (የእግር መቅዘፊያ)፣ የራስ የዳይቭ ኮምፒውተር። ገንዘብ ከተረፈ የብረት ጀርባ ሳህንና ዊንግ (ጀርባ ላይ ያለ፣ አየር ተሞልቶ የሚያንሳፍፍ ከረጢት)፣ በአንድ ሲሊንደርም ይሠራል። ረጅሙን ሆዝ (የአየር ቱቦ)፣ ሁለት ሜትር ገደማ የሆነውን፣ ስታዩ አትደንግጡ። አየር ላለቀበት ሰው የምትሰጡት አፋችሁ ውስጥ ያለውን ሬጉሌተር ነው፣ ምክንያቱም የሚሠራ መሆኑ የተረጋገጠው እሱ ነው። እናንተ አገጫችሁ ሥር በላስቲክ የተንጠለጠለውን ታነሳላችሁ። ሆዙ የረዘመው በጠባብ ቦታ ፊትና ኋላ ሆኖ መውጣት እንዲቻል ነው።

ከኮርሱ በፊት ልምምድ ከፈለጋችሁ ዱባይ ናድ አል ሸባ ያለው 60 ሜትር ጥልቀት ያለው ገንዳ ድረስ መሄድ የለባችሁም፣ መሄዱ ግን ደስ ይላል። ማንኛውም ጠለቅ ያለ ገንዳ ይበቃል። እጃችሁን አጣጥፋችሁ፣ ሳትንቀሳቀሱ፣ ወለሉን ሳትነኩ ተንሳፍፋችሁ ቆዩ። ከዚያ ፍሮግ ኪክ (እንደ እንቁራሪት በእግር መቅዘፍ)። ከዚያ ወደ ኋላ መቅዘፍ። ይቺ የመጨረሻዋ ሁሉንም ታስለቅሳለች፣ ቀድማችሁ ጀምሯት።

ደግሞ ከኮርሱ በኋላ የሆነ ሰው "ዳሃብ ሄደን ብሉ ሆል ውስጥ በአርኩ እንለፍ" ማለቱ አይቀርም። ብሉ ሆል ግብፅ ውስጥ ቀይ ባሕር ዳር ያለ ጥልቅ ጉድጓድ ነው፣ አርኩ ደግሞ ከጉድጓዱ ወደ ውጭው ባሕር የሚያወጣው መተላለፊያ። የአርኩ ጣሪያ ራሱ 55 ሜትር አካባቢ ነው። በተራ አየር እዚያ ናይትሮጅን ያሰክራል፣ አንድ ሲሊንደርም አይበቃም። ገደሉ ላይ የሟቾች ስም የተጻፈባቸው ድንጋዮች ተለጥፈዋል። የመግቢያ ኮርስ ወደዚያ አያስገባም።

በረራው ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። ሰውነት ውስጥ የቀረ ናይትሮጅን ከፍታ ላይ ግፊት ሲቀንስ አረፋ ሊሆን ይችላል። ዳን የሚባለው የጠላቂዎች ደህንነት ድርጅት ለብዙ ቀን ተደጋጋሚ ዳይቭ ከመብረራችሁ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት ጠብቁ ይላል፣ ዲኮምፕሬሽን ካለበት ደግሞ ከዚያ በደንብ የበለጠ። የኛ ጉዳይ ለየት የሚለው አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ነው። የአውሮፕላኑ ውስጥ ግፊት ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው ይሆናል። ሌላ አገር የሚሄድ ሰው ሲያርፍ ወደ ባሕር ጠለል ይመለሳል፣ እናንተ ግን አርፋችሁም እዚያው ከፍታ ላይ ናችሁ። በማግስቱ እንጦጦ ከወጣችሁ ደግሞ 3,000 ሜትር አለፋችሁ።

ስለዚህ 18 ሰዓቱን በደቂቃ እየቆጠራችሁ ኤርፖርት አትሩጡ። የመጨረሻው ዳይቭ እሁድ ከሰዓት ካለቀ ትኬቱን ማክሰኞ አድርጉት፣ እንጦጦን ለሳምንቱ መጨረሻ። ካረፋችሁ በኋላ መገጣጠሚያ ላይ የማይለቅ ሕመም፣ መደንዘዝ ወይም ያልተለመደ ድካም ከመጣ ደግሞ የጉዞ ድካም ነው ብላችሁ አትተኙበት፤ ሆስፒታል ሂዱና ዳይቭ አድርገን ነበር ብላችሁ ንገሯቸው፣ የዳንንም የአደጋ ጊዜ ስልክ ከመብረራችሁ በፊት ሦስታችሁም ስልካችሁ ላይ መዝግቡ።